ድራየሩ ፓነሉ ይበራል፣ «ስታርት» ስለው ድርግም ይላል፤ ቦርድ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ቨርጂኒያ ነኝ። የልብስ ማድረቂያችን ጠባዩን ቀይሮብኛል። የኤሌክትሪክ ነው፣ ጋዝ አይደለም። ስከፍተው ፓነሉ በደንብ ይበራል። ፕሮግራም እመርጣለሁ፣ ጢት ይላል፣ ደቂቃው ይታያል። «ስታርት» ስጫን ግን ድራሙ አንዴ ንቅንቅ ይልና መብራቱ በሙሉ ድርግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይበራና «ፒኤፍ» የሚል ፊደል ይደቅንብኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳና ልብሱን አድርቆ ይጨርሳል። ይሄኛው ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። ጨርሶ ቢሞት አርፌ ሌላ እገዛ ነበር።

ጠጋኝ ጠርቼ ነበር። ከፊት ለፊት ቆሞ ቁልፎቹን ነካካና «ቦርዱ ሞቷል» አለኝ፣ ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። ለቦርዱና ለእጁ የጠየቀኝ ብር የአዲሱን ማሽን ግማሽ ያልፋል። ማሽኑ ገና ነው፣ አላረጀም። ወደዚህ ቤት ከገባን ወዲህ ነው የጀመረው። ልጆች አሉኝ፣ የልብሱን ክምር ባትጠይቁኝ ይሻላል። ምን ትሉኛላችሁ?

ኪያ፦

ሚሚዬ፣ የልጆች መቆለፊያው እንዳይሆን? ፓነሉ ላይ የቁልፍ ወይም የቁልፍ ጋን ምልክት ካለ እሱን 3 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢው። እኛ ቤት ትንሹ ልጅ እየነካው ስንት ቀን ተሰቃየን። ከዚያ ደግሞ ስፒናውን ነቅለሽ ጥቂት ደቂቃ አቆይተሽ መልሺው። ብዙ ነገር በዚህ ይስተካከላል።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦

አመሰግናለሁ ኪያ። መቆለፊያው ቢሆን ቁልፎቹ አይታዘዙም ነበር። የኔ ይታዘዛሉ፣ መነሳቱ ላይ ነው ችግሩ። ነቅሎ መመለሱንም ሞክሬዋለሁ። ለአንድ ዙር ሠራና መልሶ ያው ሆነ።

ፍሬ ሜሪላንድ፦

የኔም እንዲህ ሆኖ ነበር። ፓነሉ በርቶ «ስታርት» ስለው ዝም። የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሎ ነው ተባለ፣ በርካሽ ዕቃ ተሠራ። እሱን አስፈትሺው።

ጋሽ ሽቦ፦

እህቴ ሚሚ፣ ቦርዱን እንዳትገዢ። ቢያንስ ዛሬ አትግዢ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አንዴ ከካርቶኑ ከወጣ የሚመልስልሽ ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው። ይሄን ሥራ ብዙ ዘመን ሠርቼበታለሁ። ከተቀየሩት ቦርዶች ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ።

ልጅ ፍሬ ያልሽው የሙቀት ፊውዝ እውነት ነው፣ ግን የሚሚ አይመስለኝም። ያ ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው። ዛሬ ሠርቶ ነገ አያኮርፍም። የሷ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል። እንዲህ የሚያደርግ ነገር ብዙ ጊዜ የላላ ነገር ነው።

አሁን «ፒኤፍ» ያልሽውን እንይ። በብዙ ማሽኖች ላይ ትርጉሙ መብራት ተቋርጦብኝ ነበር ነው። የሰፈሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያሳየው ነው። አስቢው እንግዲህ። ማሽኑ መብራት ተቋረጠብኝ እያለ ነው፣ የቤትሽ አምፖል ግን ብልጭ እንኳ አላለም። ስለዚህ የተቋረጠው ከብሬከሩ እስከ ቦርዱ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ነው። ቦርዱ የደረሰበትን እየነገረሽ ነው።

መንገዱ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። እዚህ አሜሪካ የኤሌክትሪክ ድራየር ባለ 30 አምፒር ድርብ ብሬከር አለው። ሁለት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች) እና አንድ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ይገባዋል። ከፌዝ ፌዝ 240 ቮልት ነው። ከአንዱ ፌዝ ወደ ኒውትራል ደግሞ 120። ማሞቂያው ሁለቱን ፌዝ ይዞ በ240 ይሠራል። ሞተሩ፣ ፓነሉና ቦርዱ ግን በአብዛኛው በ120 ነው የሚሠሩት። ኒውትራል የግድ ያስፈልጋቸዋል።

ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላይ ላላ እንበል። ፓነሉ ብቻውን ሲሆን የሚስበው ትንሽ ስለሆነ በላላውም ይበራል። ሞተሩ ሲነሳ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ይስባል። በላላው ቦታ ላይ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ቦርዱ ይጠፋል። ቦርዱ ሲጠፋ ሞተሩን የያዘው ሪሌይ፣ ቦርዱ የሚያዘው ማብሪያ ማለት ነው፣ ይለቃል። ሸክሙ ሲነሳለት ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ፓነሉ ይበራል፣ «ፒኤፍ» ይልሻል። አንቺ የጻፍሽው ቁልጭ ብሎ ይሄ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ። ወደዚህ ቤት ስትገቡ የማሽኑ ኬብል ተቀይሯል?

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! አዎ ተቀይሯል። የድሮው ቤት ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ ነበር፣ የዚህኛው አራት ነው። ዕቃ ካወረዱት ልጆች አንዱ «እኔ እቀይርልሻለሁ» ብሎ እዚያው ከሱቅ አምጥቶ ቀየረው። ሃያ ዶላር ሰጠሁት፣ መርቄ ሸኘሁት።

ጋሽ ሽቦ፦

እንግዲያማ እዚያ ነው የማየው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ እዚህ አገር አዲስ ቤት ሲሠራ የድራየር ሶኬት ባለ አራት እንዲሆን የኤሌክትሪክ ሥራ ደንቡ፣ ኮዱ፣ ያዛል። የድሮዎቹ ባለ ሦስት ናቸው። ሰው ቤት ሲቀይር ኬብል ይቀይራል፣ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

በባለ ሦስቱ ኬብል ጊዜ ኒውትራሉ ከማሽኑ ገላ ጋር በአንዲት ትንሽ ብረት ወይም ሽቦ ይያያዛል። ባለ አራቱ ሲገባ ያቺ ማያያዣ ከገላው ላይ መነሳት አለባት። አረንጓዴው፣ የመሬት ሽቦው፣ ደግሞ ለብቻው ገላው ላይ ይታሰራል። ችኩል ሰው ወይ ማያያዣዋን ይረሳታል፣ ወይ መሃለኛውን ብሎን ሳያጠብቅ ክዳኑን ይገጥማል።

ለማየት ስፒናውን ከግድግዳው ንቀይ። ብሬከር ማጥፋት ብቻ ለኔ አይበቃኝም። ስፒናው ወጥቶ መሬት ላይ ካላየሁት እጄን አልሰድም። ከዚያ ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጊው። ከኋላው ኬብሉ በሚገባበት ቦታ ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን አለች። በካቻቢቴ ትከፈታለች። ሦስት ትልልቅ ብሎኖች በመደዳ ታያለሽ። መሃለኛው የኒውትራሉ ነው። ጠቁሯል? ፕላስቲኩ ቀልጧል? ሽቦው በጣት ሲነካ ይወዛወዛል? እይና ንገሪኝ። ማየት ብቻ ነው ያልኩሽ። ስፒናው ተሰክቶ እያለ በቴስተር ልለካ እንዳትዪ፣ 240 ቮልት ቀልድ አያውቅም። እስከዚያም ማሽኑን አትጠቀሚበት።

ተክሌ ሲያትል፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ አከብራለሁ። ግን ቦርድ አይሞትም እንዳይመስል። እኔ ቦርድ በመጠገን ነው የምኖረው። የሪሌይ እግር ላይ ብየዳው ይሰነጠቃል። ቦርዱን ገልብጣችሁ በአምፖል ሥር ብታዩት በእግሩ ዙሪያ ቀጭን ክብ ስንጥቅ ይታያል፣ አንዳንዴም ቡናማ ምልክት። እሱም ልክ እንደ ሚሚ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል። ከፓነሉ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄደው ጠፍጣፋ ኬብልም በዕቃ ማጓጓዝ ጊዜ ከመቀመጫው ይወጣል። ሚሚ ቤት ቀይራለች፣ ስለዚህ እሱም ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ሽቦ፦

ተክልዬ፣ አልክድም። እኔም ቦርድ ቀይሬያለሁ። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጠፍጣፋው ኬብል ሲላላ ከቁልፎቹ ከፊሎቹ አይታዘዙም፣ ወይም ከቁጥሮቹ አንዳንዱ ሰረዝ ጎድሎ ይታያል። የሪሌዩ እግር ሲሰነጠቅ ሞተሩ አይነሳም እንጂ ፓነሉ ብዙ ጊዜ እንደበራ ይቆያል። የሚሚ ፓነል ራሱ ነው ድርግም የሚለው። የኃይል መግቢያው ላይ ተሰንጥቆ ቢሆን አንተ ትረታለህ። ግን የኋላውን ክዳን ማየት በነፃ ነው፣ ቦርድ ማውጣት ግን አይደለም። ከነፃው እንጀምር።

ተክሌ ሲያትል፦

ተስማምቻለሁ ጋሼ። አንድ ልጨምር። ቁልፍ ተጣብቆ የሚቀርበትም አለ። ፓነሉ ብቻውን ጢት ጢት ይላል ወይም ራሱ ፕሮግራም ይቀያይራል። የፈሰሰ ሳሙና ወይም የልብስ ማለስለሻ ጠብታ ቁልፉ ሥር ገብቶ ሲደርቅ ነው። ማጽጃውን ፓነሉ ላይ አትርጩ፣ ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉ። ሌላው፣ ማሞቂያ በሌለው ፕሮግራም ላይ ልብሱ ትኩስ ሆኖ ከወጣ ስፒናውን ወዲያው ንቀሉ። ወይ የማሞቂያው ሪሌይ ተጣብቋል፣ ወይ የማሞቂያው ሽቦ ተበጥሶ ገላውን ነክቷል። ይሄ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

ሰሚራ ዱባይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ያለው ድራየር ቱቦ የሌለው ነው፣ ውኃውን በራሱ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚሰበስበው። የመጣሁ ሰሞን በመሃል ቆመና ፓነሉ ላይ ቀይ መብራት በራ። ማዳሜ «አበላሸሽው» ብላ ጮኸችብኝ። ምልክቱን ቀስ ብዬ ሳየው የጠብታ ሥዕል ነው። ከላይ በኩል ያለውን መሳቢያ ስስበው እስከ አፉ ሞልቷል። ደፍቼ መለስኩት፣ ሠራ። እንዲህ ዓይነት ማሽን ያላችሁ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ድፉት። ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖም ያ መብራት ካልጠፋ ግን ከታች ውኃውን የሚስበው ቦታ ላይ ብናኝ ተጠራቅሞ ይሆናል። እኔ ጋ ባለው ማሽን ከታች በኩል ትንሽ በር አለች። ውስጡ ያለውን ኮንደንሰር፣ እንፋሎቱን ወደ ውኃ የሚቀይረውን፣ አውጥቼ በቧንቧ ውኃ አጥበዋለሁ። የሚወጣውን ጭቃ መሳይ ነገር ብታዩት።

ኪያ፦

ሰሚራዬ ጎበዝ። ማዳምሽ ይቅርታ ጠየቀችሽ?

ሰሚራ ዱባይ፦

ሃሃ። ሻይ አፍይ አለችኝ።

አቤል ሃያ ሁለት፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። ጉዳዩ ስለተነሳ የኔንም ስሙኝ። አጎቴ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ዕቃ ሲልክ ድራየሩንም ጨመረው። ትልቅ ነጭ ማሽን፣ ቤቱን ሞላው። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ስፒናው የኛን ሶኬት አይገባም፣ ቆረጠው። ሦስቱን ሽቦ አየና «የኛ ቤት ሁለት ነው፣ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አጣምራቸዋለሁ» አለ። አጣመረ። ሰካው። ፓነሉ ለዓይን እንደ ካሜራ ፍላሽ በራ፣ ጠስ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ጭስ። አሁን እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች፣ ቴሌቪዥኑ እሱ ላይ ነው። ይድናል?

ጋሽ ሽቦ፦

አቤል ልጄ፣ ምን እንደሆነ ልንገርህ። እዚያ ቤታችሁ ያለው አንድ ፌዝና ኒውትራል ነው፣ በመሃላቸው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የአሜሪካው ማሽን ማሞቂያው በ220 ሊሞቅ ይችላል። ቦርዱና ሞተሩ ግን 120 ነው የሚጠብቁት፣ በ60 ኸርዝ። ኤሌክትሪሺያኑ ኒውትራሉን ከአንዱ ፌዝ ጋር ሲያጣምረው ቦርዱ ላይ 220 ለቀቀበት። በዚህኛው ማሽን ቦርዱ በእርግጥ ሞቷል። ተክልዬ ደስ ይበልህ።

ቦርዱ ቢቀየር እንኳ ለቦርዱና ለሞተሩ 120 የሚሰጥ ትራንስፎርመር ለብቻው ማስገባት ይፈልጋል። ሞተሩም በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከልኩ በላይም ይሞቃል። ለዚህ ሁሉ የምታወጣው ብር እዚያው የሚሠራ ማሽን ይገዛልሃል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ለቤተሰብ ድራየር በኮንቴይነር አትላኩ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣው ለ220 ወይም ለ230 የተሠራ ስለሆነ ይሻላል።

አቤል ሃያ ሁለት፦

ጋሼ፣ አክስቴ ደግሞ ሲኤምሲ ያው ከዱባይ የመጣ አላት። እሱ ይሠራል፣ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓነሉ ያብዳል። ሁሉም መብራት ይበራል፣ ምንም አይታዘዝም።

ጋሽ ሽቦ፦

መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚመጣ ነው። ስፒናውን ነቅላ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቅና ትመልሰው። ለዘለቄታው ደግሞ የቮልቴጅ መከላከያ ታስገባ፣ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት። ሂት ፓምፕ የሚባለው ዓይነት ማሽን ከሆነ መዘግየቱ ለኮምፕረሰሩም ይበጃል፣ ልክ እንደ ፍሪጅ። ስታቢላይዘር ልግዛ ካለች ግን የማሽኑን ዋት አይታ ከዚያ የሚበልጥ ትግዛ። ለቴሌቪዥን የተሠራውን ትንሹን ብትሰጠው መጀመሪያ የሚቃጠለው ስታቢላይዘሩ ነው።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦

ጋሼ!! ከፈትነው። ባለቤቴ ነው የከፈተው፣ እኔ ባትሪ ይዤ ነበር። ስፒናው መሬት ላይ ነው፣ ሁለታችንም አይተነዋል።

ክዳኗ ስትነሳ መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ግን የቆየ። የግራና የቀኙ ብሎኖች ያብረቀርቃሉ። መሃለኛው ጥቁር ነው። ሥሩ ያለው ፕላስቲክ አብጦ ወደ አንድ ጎን ፈሷል። የነጩ ሽቦ ቀለበት በጣት ሲነካ እንደ ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ነጩ ሽቦ ራሱ ጫፉ አካባቢ ቡናማ ሆኗል። አረንጓዴው በትክክል ገላው ላይ ታስሯል። ኬብሉ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ግን ምንም የሚይዘው ነገር የለም፣ ባዶውን ቆርቆሮው ላይ ነው የተኛው። ብሎኑን አጥብቀን እንሰካው?

ጋሽ ሽቦ፦

በፍጹም። አንዴ የተቃጠለ መገናኛ ቢጠብቅም መልሶ ይላላል። ሦስቱ ብሎኖች ያሉበት ፕላስቲክ ራሱ ይቀየር፣ ዋጋው ከቦርዱ ጋር አይወዳደርም። ኬብሉም አዲስ ይሁን። ከማሽኑ ውስጥ ወደ መሃለኛው ብሎን የሚመጣው ሽቦ ጫፉ ከተቃጠለ ተቆርጦ አዲስ ቀለበት ይገባበት። ኬብሉ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ መያዣው ይታሰር። ያለሱ ኬብሉ ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይሳባል፣ የቆርቆሮው ጠርዝም ይበላዋል። የግድግዳውን ሶኬትም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከፍቶ ይየው። በላላ መገናኛ የመጣ ሙቀት አንዳንዴ ሁለቱንም ጫፍ ያበላሻል። ከሁለቱ ፌዝ መሃል 240፣ ከእያንዳንዱ ወደ ኒውትራል 120 መምጣቱን ይለካልሽ።

ተክሌ ሲያትል፦

ጋሼ ረቱኝ። ሚሚ፣ ከተሠራ በኋላ አንድ ሁለት ሙሉ ዙር ካለ «ፒኤፍ» ካለፈ ቦርዱ ደህና ነው ማለት ነው።

ፍሬ ሜሪላንድ፦

ይሄን እያነበብኩ እኔም የራሴን ላንሳ። ያ ፊውዝ ከተቀየረልኝ ወዲህ አሁን ደግሞ ፓነሉ «ዲ 80» እያለ ያስጨንቀኛል። የኔ ኤልጂ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው?

ጋሽ ሽቦ፦

ሴንሰሩማ ሥራውን እየሠራ ነው። ኤልጂ ላይ ዲ 80 ማለት የአየር ማውጫው 80 በመቶ ያህል ተዘግቷል ነው። ዲ 90 እና ዲ 95 እያለ ይቀጥላል። ያ የሙቀት ፊውዝሽ ለምን እንደተቃጠለም አሁን ገባኝ። አየሩ መውጫ ሲያጣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፊውዙ ቤቱ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ይበጥሳል። የቀየረልሽ ሰው ቱቦውን ሳያይ መሄዱ ነው የገረመኝ።

ማጣሪያዋን በየዙሩ ማጽዳት ብቻ አይበቃም። ከማሽኑ ጀርባ እስከ ውጭው ግድግዳ ያለው ቱቦ ይጠረግ። እንደ አኮርዲዮን የሚጨማደድ የፕላስቲክ ወይም የፎይል ቱቦ ካለሽ በጠንካራው የብረት ቱቦ ቀይሪው። ውጭ ያለችው ክዳን ማሽኑ ሲሠራ ትከፈታለች? ካልተከፈተች የወፍ ጎጆ ሊኖርባት ይችላል። ይሄን ቀልድ እንዳታደርጊው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በነበረው መረጃ በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጋ የድራየር እሳት እንደሚመዘገብ፣ ቀዳሚው መንስኤም አለማጽዳት እንደሆነ አውጥቷል።

ኪያ፦

ተራው የኔ ነው በቃ። የኔ 45 ደቂቃ ብሎ ይጀምርና ወዲያው «1 ደቂቃ ቀረኝ» ብሎ ይቆማል። ልብሱ ርጥብ ነው። ፓነሉ ሰዓት መቁጠር ረስቷል መሰለኝ።

ጋሽ ሽቦ፦

ኪያ፣ መጀመሪያ በሰዓት የሚሠራውን ፕሮግራም ሞክሪ፣ «ታይምድ ድራይ» የሚለውን። በሱ በደንብ ካደረቀ ፓነሉ ጤነኛ ነው። ከዚያ በሩን ክፈቺና ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ከማጣሪያዋ አጠገብ ሁለት ጠባብ የብረት መስመሮች አሉ። ርጥብ ልብስ ሲነካቸው ነው ማሽኑ ርጥበቱን የሚያውቀው። ለማለስለሻ የምንጨምራት ያቺ ሽታ ያላት ወረቀት በጊዜ ብዛት ሰም መሳይ ነገር ትቀባቸዋለች። ያኔ ምንም ስለማይሰማቸው ደርቋል ይላሉ። በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጊያቸው። አንድ ፎጣ ብቻ ከተሽ ካስነሳሽውም ያው ነው፣ ብረቶቹን ሳይነካ ይዞራል።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ፦

ተሠራ! ፈቃድ ያለው ሰው ነው የመጣው። ፕላስቲኩንም፣ ኬብሉንም፣ ውስጠኛውን ሽቦ ጫፍም ቀየረ፣ የኬብሉን መያዣም አሰረ። ሶኬቱን ከፍቶ አየ፣ ደህና ነው። ከቦርዱ ዋጋ ሩቡን እንኳ አልከፈልኩም። ከዚያ ወዲህ ክምሩን በሙሉ አድርቀነዋል፣ «ፒኤፍ» የለም። ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እህቴ የምትገባበት ቤት ሶኬቱ የድሮው ባለ ሦስት ነው፣ ማሽኗ ደግሞ ባለ አራት። ሱቅ ውስጥ ማገናኛ አይታለች። ትግዛ?

ጋሽ ሽቦ፦

አትግዛ። ወይ የማሽኑ ኬብል በባለ ሦስት ይቀየር፣ ያቺ የኒውትራል ማያያዣም ወደ ገላው ትመለስ። ወይ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን በባለ አራት ይቀይርላት፣ እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ማንም ይሥራው ማን፣ ክዳኗ ከመገጠሟ በፊት መሃለኛውን ብሎን በዓይኗ ትየው።

አቤል ሃያ ሁለት፦

ጋሼ፣ የአጎቴ ማሽን ድራሙ አይዝጌ ብረት ነው። እሱን ብቻ አውጥቼ መሸጥ እችላለሁ?

ጋሽ ሽቦ፦

እሱን መጀመሪያ እናትህን አስፈቅድ።